አረር ያፈሰስንበት ጥቅምት

ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ከሚሴ መግቢያ ላይ ጎማዋ ተነፈሰና አንድ ጎሚስታ ደጅ አወረደችን። ጎሚስታው ጎማውን ፈትቶ፣ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ተነክሳ የነበረችውን የባላንስ እርሳስ በመዶሻ ነቅሎ አፈር ላይ ወረወራት። ተሳፋሪው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል። እኔ ጎንበስ ብዬ አነሳኋትና በጥፍሬ ጫርኳት። ከላይ አመድማ ናት፤ ጥፍር ያረፈበት ግን እንደ አዲስ ብር ቦግ ይላል። የአውራ ጣት ጫፍ አታክልም፣ ክብደቷ ግን ሌላ ነው። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ "ምን ልታደርጊያት ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ምን ልበላት? ልጅ እያለሁ ይቺን እያቀለጥን አረር እናፈስ ነበር ብላት እብድ ናት ነው የምትለኝ። መልሼ ጣልኳት። ጎማው ተቀይሮ መንገድ ስንቀጥል ግን ልቤ ከዚያ ከጥቅምቱ ግቢያችን አልወጣ አለኝ።

ቤታችን ከከሚሴና ከጨፋ ሮቢት መሃል፣ ረግረጉ ዳር ነበር። የጨፋን ረግረግ ያየ ያውቀዋል፤ በጋ ከክረምት የማይደርቅ፣ ከብት የሚያጠግብ፣ ሰው ከገባበት የሚውጥ ደንገል ነው። ከደንገሉ ወዲያ ውሃ፣ ከደንገሉ ወዲህ የኛ ማሽላ። ጥቅምት ሲገባ ማሽላው ያሽታል፤ ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ወተት ወተት፣ ሣር ሣር ይሸታል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ማማው ሥር ወርውረን ጥንቅሽ እንልጥ ነበር። የጥንቅሽ ልጣጭ ከንፈሩን ያልቆረጠው የኔ እኩያ ካለ እሱ ልጅ ሆኖ አያውቅም፣ አለቀ። ማማው ላይ ወጥተን ወንጭፍ እያጮህን ወፍ እናባርራለን። ወፍ ወንጭፍ ይፈራል። ዝንጀሮ ወንድ ይፈራል፤ ሴት ሲያይ ግን ይንቃል። እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ስጮህ አንዱ አውራ ዝንጀሮ ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ይበላ ነበር። በንዴት አለቅሳለሁ። ከርከሮ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ወንድም ሴትም፣ ወንጭፍም ጩኸትም አይፈራም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደንገሉ ይወጣል፣ አገዳውን በጥርሱ ይሰብራል፣ ከበላው የጣለው ይበልጣል፣ ተመልሶ ይገባል። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባባን ውጅግራ።

አባባ የምለው የአባቴን አባት፣ አባባ ይማምን ነው። ውጅግራቸው ከአባታቸው የወረሷት፣ ያን ጊዜ ከኔ ቁመት የምትረዝም፣ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ናት። ጥይቷ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ አባባ የተተኮሰውን ቀለህ ለቅመው ያስቀምጡና፣ ጫፉ ላይ የሚሰካውን አረር ራሳቸው ከእርሳስ ያፈሱ ነበር። ባሩዱና ሌላው ነገር ሰንበቴ ገበያ የሚውል የአንድ ሰውዬ ሙያ ነው፤ እሱን እኔም አላውቅ። የአባባ ሙያ አረሩ ነበር። እርሳሱን ያቀልጡና እንደ ጉጠት በሚከፈት ብረት ውስጥ ያፈሱታል። ያን ብረት "ቤቱ" ነበር የሚሉት። ከቤቱ የወጣውን ደግሞ ቀዳዳ ባለው ወፍራም ብረት ያሳልፉታል። አላልፍ ያለ ወፍራም ነው፣ ሳይነካካ ወርዶ የወደቀ ቀጭን ነው፤ ሁለቱም ተመልሶ ይቀልጣል። ለምን ይሄን ያህል እንደሚለፉ ስጠይቃቸው "እርሳስ ሞኝ ይመስላል እንጂ ይቅር አይልም" ይሉኝ ነበር። እሳቱ ሲነድ ግን ማንንም አያስጠጉም። አባቴን እንኳ። ሙያቸውን ማንም ቀርቦ ሳያይ፣ ማንም ሳይማር ብቻቸውን ይዘው ኖሩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጠዋት አባባ ለሱብሂ ሰላት ሊነሱ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። መንደሩ ልክፍት ነው አለ፤ ጤና ጣቢያው ደም ግፊት ነው አለ፤ ስሙ ምንም ይሁን ቀኝ እጅና እግራቸው ሞተ፣ ምላሳቸው ታሰረ። ያ ወሬ የማይደክማቸው፣ በአማርኛ የጀመሩትን በኦሮምኛ የሚጨርሱ ሰውዬ፣ አንዲት ቃል ብቻ ቀረቻቸው። "አላህ።" ውሃ ሲጠማቸው አላህ፣ ሲበርዳቸው አላህ፣ ዝንብ ሲያርፍባቸው አላህ። ሊጠይቃቸው የሚመጣው ሰው ሁሉ "ማሻአላህ፣ ሌላው ሁሉ ሲሄድ ዚክሩ ቀረላቸው" እያለ እንባውን ይጠርጋል። እኔ ግን አብሬያቸው ስለምውል መለየት ጀመርኩ። የውሃው አላህ አጭር ነው። የብርዱ ይንቀጠቀጣል። እንግዳ ተቀምጦ አልነሳ ሲል የሚሏት ረዥም አላህ ደግሞ ነበረች፤ እሷን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኛል፣ እሳቸውም በግራ ጉንጫቸው ብቻ ይስቃሉ። እንግዳው ያደንቃል።

አባቴ እስከዚያ ድረስ ከሚሴ ከተማ ግንበኛ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ እየመጣ ሰኞ የሚሄድ አባት። ሲሚንቶ እንጂ አፈር አያውቅም። አባባ ሲወድቁ ግን ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውምና ሥራውን ትቶ መጥቶ እርሻውን ያዘ። አንድ ቀን ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት፤ ይህ ማሽላ ከደረሰልን እዚሁ እንኖራለን፣ ከርከሮ ከጨረሰው ግን መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ሁላችሁንም ይዤ ከተማ እገባለሁ አላት። ይህን ያለው አባባ አልጋ አጠገብ ቆሞ ነው። ምላስ የሌለው ሰው ጆሮም የሌለው መስሎት ይሆናል። አባባ ያቺን አንዷን ቃል እንኳ አላሉም። ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዞሩ። እኔ ያን ቀን ነው የገባኝ። ማሽላው ካለቀ አባባ ከተወለዱበት ግቢ ተነቅለው ከተማ ሊሞቱ ነው።

ከርከሮው ደግሞ የአባባን መውደቅ የሰማ ይመስል ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከደንገሉ ዳር ያለውን ማሽላ እንዳልነበረ አደረገው። የቀረ ጥይት አልነበረም። ስለዚህ አባቴ አረሩን ራሱ ሊያፈስ ተነሳ። እርሳሱን ከከሚሴ ጎሚስታዎች ለቅሞ በላስቲክ ተሸክሞ መጣ። እናቴ የተሰነጠቀ አሮጌ የብረት ድስት ሰጠችው፣ እኔ ከሰሉን አራገብኩ። ያን ሰሞን ትምህርት ቤት ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ እያልን እንሸመድድ ነበር። እርሳሱ ድስቱ ውስጥ መጀመሪያ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ ከዚያ ጉልበቱ እንደከዳው ሰው ተዘረጋ፣ ከዚያ እንደ መስተዋት ተኛ። ሰማዩን አየሁበት። አስተማሪያችን ለካ እውነቱን ነው አልኩ በልቤ። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የተቃጠለ ጎማ፣ የከሰል ጢስ፣ ከሁሉም በኋላ ምላስ ሥር የሚቀር ጣፋጭ መሳይ ነገር። እናቴ በሻሿ አፍንጫዋን ይዛ ራቂ ትለኛለች። እኔ መች እሰማለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ አያስወራም። አባቴ ቤቱን በከፈተ ቁጥር የሚወድቀው የተጨማደደ፣ ግማሹ የጎደለ ነገር ነው። ጎረቤታችን አያ ሁሴን አጥር ተደግፎ ያያል። አጥር መደገፍ የዚያ ሰውዬ ዋና ሥራው ነበር። አባቴ ከወረወረው አንዱን አነሳና መዳፉ ላይ እያገላበጠ አባቴን በስሙ ጠራው።

"ኩን ማሊ፣ ሰይዶ? ምንድነው ይሄ? አረር ነው የፍየል በጠጥ?"

አባቴ ላቡን እየጠረገ፣ ከመሳቅ ለምን አታግዘኝም ቢለው፣ "እኔማ ከከርከሮው ወገን ነኝ፣ የሚያሸንፈው እሱ ነው" አለ። እናቴ እንኳ ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም።

የአባባ አልጋ ደጅ ወጥቶ ከዋንዛው ሥር ነበር የሚውለው። ሁሉን ያያሉ። አባቴ በቀዘቀዘው የአረር ቤት ውስጥ ሲያፈስ "አላህ" ይላሉ፣ ደግሞ ያፈሳል፣ ደግሞ "አላህ"። ሄድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በግራ እጃቸው እሳቱን አሳዩኝ፣ ከዚያ ቤቱን፣ ከዚያ እጃቸውን በብብታቸው ሥር ወሸቁ። ይሙቅ ነው የሚሉት። ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። ቤቱን እሳቱ ዳር አሙቆ ቢያፈስበት ሙሉ፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ አረር ዱብ አለ። አባቴ መጀመሪያ አረሩን አየ፣ ከዚያ አባባን አየ፣ ከዚያ እኔን። አያ ሁሴን ከአጥሩ ላይ "ይቺን ኢንታላ፣ ይቺን ልጅ ነው መሾም" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባባ አፍ እኔ ሆንኩ።

ልክ ማስገባቱ ደግሞ የኔና የአባባ ብቻ ሥራ ነበር። ባለቀዳዳውን ብረት በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ እይዛለሁ፤ እሳቸው ሰም የተቀባውን አረር በግራ አውራ ጣታቸው ይገፋሉ። ጭርር ብሎ፣ እየተንገራገጨ ካለፈ ልክ ነው። ያለፈውን የቆርቆሮ ትሪ ላይ ያንከባልሉታል። ቀጥ ብሎ ከሄደ ወደ ቀኝ፣ እንደ ሰካራም ከዞረ ወደ ግራ። ግራው ክምር ሁሌም ይበልጣል። አባቴ ግማሽ ቀን የለፋበትን እኛ በአፍታ መልሰን ወደ ድስቱ እንልክበታለን። አንድ ቀን ተናዶ፣ ይሄ ለከርከሮ ነው ለንጉሥ ቢላቸው፣ አባባ ያቺን ረዥሟን የእንግዳ አላህ አሉበት። በሳቅ ከመደቡ ወደቅኩ። ጠጠር መጫወት፣ ሱዚ መዝለል ትዝ አላለኝም ያን ሰሞን። ማሽላው እያለቀ እንደነበር አውቃለሁ፤ ማታ ማታ አገዳ ሲሰበር እሰማለሁ። ግን ደግሞ ከአባባ ጋር ሥራ ነበረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠቃሚ ሆኜ አላውቅም።

እርሳሱ አለቀ። ሲቀልጥ ላዩ ላይ የሚሰፍ ቆሻሻ አለ፣ ያ ሲጣል፣ ደግሞ ሲቀልጥ፣ ደግሞ ሲጣል፣ ላስቲኩ ባዶ ሆነ። ያሳለፍናቸው አረሮች በአንድ እፍኝ ይገባሉ። ያን ጊዜ ነው አባቴ ከቤት ውጭ፣ ጣሪያው ሥር የተንጠለጠለችውን ቅል ያስታወሰ። አባባ እርሳስ ስለሚያሳሳቸው የሞተ ከርከሮ ውስጥ የቀረውን አረር በቢላ ጫፍ እያወጡ በዚያች ቅል ያጠራቅሙ ነበር። ከርከሮ የነካው ነጃሳ፣ ርኩስ ነውና ቅሏ ቤት አትገባም። አባቴ ሊያወርዳት ሲል እናቴ ዘላ መንገድ ዘጋችበት። ከዚያ ሐራም ሆድ የወጣ ነገር እንደዚሁ የኔ ድስት ውስጥ አይገባም አለች። ድስቱን ሰጥተሽኛል፣ ያንቺ አይደለም አላት።

"እጅህስ የማን ነው?" አለችው። "በዚያ እጅህ አይደል ልጄን የምትነካት?"

አባቴ ቅሏን አቀበላት። ደንቡም የታወቀ ነው፤ ከርከሮ የነካው ሰባቴ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አንዱን እርሳስ ከሌላው እየለየች፣ በአፈር እያሸች፣ ውሃ እየቀየረች አጠበችው። አጥባ ስትጨርስ በጨርቅ አደረቀችው። ንጹህ ሴት ናት እናቴ፣ አጠበች ማለት አጠበች ነው። ግን አጥንት የመታ እርሳስ ክብ ሆኖ አይቀርም፤ እንደ አበባ ይከፈትና መልሶ ይታጠፋል። እጥፋቱ ውስጥ ውሃ ቀረ። ከላይ ደረቅ ነው። ይህን ከዚያ ግቢ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ምላስ አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ ነው። ድስቱ ውስጥ የቀረችው እርሳስ ቀልጣ ተኝታለች። አባቴ የታጠበውን በጭልፋ ይዞ ቀረበ። አባባ "አላህ" አሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው። "አላህ፣ አላህ፣ አላህ።" ግራ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ይደበድባል። ልክ በዚያችው ቅጽበት ከወዲያኛው መንደር መስጊድ የአስር ሰላት አዛን ተሰማ።

እናቴ "አስር ደርሶ ነው፣ ውዱእ ፈልገው ነው። ውሃ አምጪላቸው" አለችኝ።

"ይሄ የውሃው አይደለም" አልኳት።

"ምን የውሃው የምን አለ፣ ሂጂ።"

የውሃው አልነበረም። የብርዱም አልነበረም፣ የእንግዳውም አልነበረም። ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። "አባዬ፣ አባባ እምቢ እያሉ ነው" አልኩ። አባቴ "እሺ ሐዩ፣ እሺ" አለ፣ ዓይኑን ከድስቱ ሳያነሳ። እኔም ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ባውቅ እጁን ይዤ እጎትተው ነበር። የማላውቀውን ነገር እንዴት ብዬ ልጩኸው? የውዱኡን ጆግ ሞልቼ ሮጬ አመጣሁላቸው። አባባ ጆጉን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። በዚያች በቀረቻቸው እጅ መትተው ከእጄ ጣሉት። ጆጉ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ አባቴ ፊቱን ወደኛ አዞረ፤ እጁ ግን እርሳሱን ለቆት ነበር።

ጧ አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ እንደወደቀ። ድስቱ ባዶ ሆነ። እርሳሱ የቤታችን ግድግዳ ላይ፣ የዋንዛው ግንድ ላይ፣ የአባቴ ጆሮና አንገት ላይ ነበር። አባቴ ተንበርክኮ ሁለት እጁን ፊቱ ፊት ያዘ፣ ሊነካው ግን ፈራ።

"ዓይኔ አለ?" አለ። "እዪልኝ፣ ዓይኔ አለ?"

"አለ" አለች እናቴ። "አለ፣ ሁለቱም አለ፣ አብሽር፣ አለ።"

ፊቱን ባያዞር ዓይኑ አይኖርም ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረውም። አባባ አልጋቸው ላይ በግራ ዓይናቸው ብቻ ያለቅሳሉ፣ ቃሏን ይደጋግማሉ። ያን ቀን ማሻአላህ ያለ ሰው የለም።

አያ ሁሴን አጥሩን ዘሎ መጥቶ አባቴን በጀርባው አዝሎ ዋናው መንገድ ድረስ ወሰደው፤ ከዚያ በመኪና ከሚሴ። ጆሮው ተኮማትሮ ቀረ፣ አንገቱ ላይ እስካሁን እንደ ጨረቃ የሚያበራ ጠባሳ አለ። አንገቱ እንደተጠቀለለ ተመልሶ መጣና በእፍኝ የምትገባዋን አረራችንን ጥይት አስደርጎ ማማው ላይ ወጣ። ሲተኩስ አባባ በእያንዳንዱ ድምፅ አገጫቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ተኩሱ ሲያልፍ ዝቅ። አንዱ አረር አንድ ከርከሮ ጥሏል። የቀሩት ድምፅ ብቻ ሆኑ። አባቴ ግንበኛ ነበር እንጂ ተኳሽ አልነበረም፤ ምን ይደረግ። ድምፁ ለጥቂት ቀን አራቃቸው። ከዚያ ጥይቱ ማለቁን አወቁ፣ እንዴት እንዳወቁ አትጠይቁኝ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ማሽላችን የቆመ አጥር ይመስል ነበር፤ ባዶ አገዳ፣ ራስ የሌለው። አያ ሁሴን ማጭዱን ይዞ መጣና አገዳውን ለከብት አብሮን አጨደ። ሙሉ ቀን አንድ ቀልድ አልወጣውም። ከሁሉም እሱ ነው ያስፈራኝ።

አባቴ እንዳለው አደረገ። መሬቱ ለእኩል ተሰጠ። አንድ ጠዋት አይሱዙ መጣና ዕቃው ተጫነ፤ መጨረሻ ላይ አባባን ከነአልጋቸው ለአራት አንስተው ጫኗቸው። ሲያነሷቸው "አላህ" አሉ። አጠገባቸው ነበርኩ፣ ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁት፣ ልለየው ሞከርኩ። አጭርም አልነበረም ረዥምም አልነበረም። ሰዎቹ ምን ፈለጉ ብለው ወደኔ ዞሩ፣ አፋቸው ነበርኩ አይደል? አላውቅም አልኩ። ከሚሴ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ባጃጅና ጡሩምባ እየሰሙ፣ የሚቀጥለውን ማሽላ ሳያዩ ሞቱ።

አሁን ስልኬ ላይ የማይገኝ ነገር የለም። አንድ ቀን ዝም ብዬ ስነካካ ቋንቋውን የማላውቀው ሽማግሌ እንዲህ ባለ ድስት ላይ ጎንበስ ብሎ አየሁት። ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው እርሳሱን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ እርሳሱ ላይ የቀረውን ውሃ በጣቱ እያሳየ፣ በሁለት እጁ ፍንዳታ እየሠራ ራሱን ነቀነቀ። ያው ነው። ሁለት ቃል ነው፤ እርጥብ ነው። አባባ ያን ከሰዓት የፈለጉት ይሄን ብቻ ነበር። አማርኛው ነበራቸው፣ ኦሮምኛው ነበራቸው፣ ሁለቱም ጥሏቸው ሄደ። ስልኩን ዘጋሁና ደጅ ወጥቼ ቆምኩ።

ያኔ ቤታችን አንድ ቃል ያለው ሰው ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ስንሰማው እንውላለን። አሁን ሁላችንም ምላስ አለን። እናቴ ታወራለች፣ እኔ እሟገታለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ የሚሰማ የለም። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ነጥቡ አልመጣልኝም። ካፌ ገባሁ፣ ወጣሁ፤ ሱቅ ገባሁ፣ ወጣሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፣ እናቴ እሾህ ላይ የተወለድሽ ትለኛለች። አሁን ደግሞ ፓስፖርት አውጥቻለሁ። አረብ አገር ልሄድ ነው። መሄድ ፈልጌ ነው ወይስ መቅረት አቅቶኝ ነው ብትሉኝ ሁለቱን መለየት ትቻለሁ።

ለአባቴ የነገርኩት ከሥራ ሲመለስ ነው፣ እጁ ላይ ሲሚንቶው ሳይታጠብ። ደህና በሆነው ጆሮው በኩል ተቀምጬ ነገርኩት። አትሂጂ እንዲለኝ ጠበቅሁ። አዎ፣ ጠበቅሁ፤ ቢለኝ እጣላው ነበር፣ ግን ጠበቅሁ። እጁን አገላብጦ አየ። ከዚያ፣

"እዚያ ማሽላ ይበላሉ?" አለኝ።

"ሩዝ ነው የሚበሉት፣ አባዬ።"

"ሩዝ" አለ። የደረቀውን ሲሚንቶ ከጥፍሩ ሥር ይፍቃል። "ሩዝማ ጥሩ ነው። ከርከሮ አይነካውም።"

ቀልዱ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ እንድስቅለት። ሳቅሁለት።